ሕጉ ለማን ተሰጠ? ከጣራ ገዳም ሥር ለአንድ ወጣት አገልጋይ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

ጥያቄህ ደርሶኛል። ወንጌል ከመጣ በኋላ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለምን አስፈለገ ብለሃል። ጾሙ፣ በዓሉ፣ ግዝቱ፣ «ይህን አትንካ፣ ያንን አትርገጥ» የሚባለው ሁሉ። ጥያቄውን ያነሣኸው ከሃይማኖት ለመሸሽ ሰበብ ፈልገህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊነት ተቀብለሃል፤ ከእንግዲህ «ተፈቅዷል፣ ተከልክሏል» የምትለው አንተው ልትሆን ነው። ሌላውን የሚያዝዝ ሰው የሚያዝዝበትን ምክንያት ማወቅ አለበትና መጨነቅህን ወደድሁት።

እኔ ሊቅ አይደለሁም። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ጥቂት ዘመን ቅኔ ቤት ከርሜ፣ የቀረውን ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ ያሳለፍሁ አስተማሪ ነኝ። ነገር ግን ከሊቃውንቱ አፍ የሰማሁትን ከመጻሕፍት ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ጸንቶልኛል። ሕግ የተሰጠው ሰውን ወደ አምላኩና ወደ ወንድሙ ለማድረስ ነው። ከዚህ የሚለየው ማንም ቢሆን፣ ሕጉን የሚሽረውም ሆነ በሕጉ ሰው የሚያደቅቀው፣ የሕጉን ባለቤት አልሰማውም። የምመክርህ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

1. ሕግን ሳታከብር ወንጌልን ላስተምር አትበል።

መምህራኖቻችን ዘመኑን በሦስት ሕግ ከፍለው ያስተምራሉ፤ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። ከአዳም እስከ ሙሴ የነበሩት አበው የኖሩት በልቡናቸው በተጻፈው ነው። ቃየል ወንድሙን ሲገድል ጽላት አልነበረም፤ ቢሆንም በደለኛ መሆኑን አላጣውም። ልቡና ሲደነዝዝ ሕግ በድንጋይ ላይ ተጻፈ። ጊዜው ሲደርስ ሕግ ሰጪው ራሱ ሰው ሆኖ መጣ። የሦስቱም ባለቤት አንድ ነው።

ይህን ለመለያየት የሞከረ ሰው በጥንት ጊዜ ተነሥቶ ነበር። መርቅያን ይባላል፤ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ የመጣ ባለ መርከብ ነበር። የኦሪት አምላክ ሌላ፣ የወንጌል አምላክ ሌላ ነው ብሎ ብሉይ ኪዳንን በሙሉ ጣለ፤ ከሐዲሱም ቢሆን የሉቃስን ወንጌልና የጳውሎስን መልእክታት፣ እነዚህንም ቆራርጦ፣ ብቻ አስቀረ። የሮም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ144 ለየችው፤ ቀድሞ ያበረከተውን ብዙ ገንዘብም መለሰችለት። አስተውል፣ ያን ጊዜ ክርስቲያኖች ጥቂትና የሚሳደዱ ነበሩ፤ ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበር። ግን ኦሪትን የጣለ ወንጌል ሥር እንደሌለው ገባቸው።

አንተ ደግሞ የደብረ ታቦር አገር ልጅ ነህ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፣ ችቦ ሲበራ፣ ሙልሙል ሲታደል የሚከበረው ምን እንደሆነ ጠይቅ። በተራራው ላይ ከጌታ ጋር የታዩት ሙሴና ኤልያስ ናቸው፤ አንዱ የሕግ፣ ሌላው የነቢያት። ሙሴ ከተራራው አልተባረረም፤ ከጌታ ጋር ቆሞ ተነጋገረ። ደመናው ሲነሣ ግን ደቀ መዛሙርቱ ያዩት ኢየሱስን ብቻ ነው። የበዓሉን ሁለቱንም ወገን ያዝ። ሙሴን የሚያባርር ስቷል፤ ደመናው ከተነሣ በኋላም ሙሴ ላይ ብቻ የሚያፈጥ ስቷል።

2. ትእዛዙን ስትማር የተሰጠበትን ምክንያት አብረህ ተማር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሕጉ ለአብርሃም ተስፋ ከተሰጠ ከ430 ዓመት በኋላ እንደመጣ ያስታውሳቸዋል። አብርሃም ጻድቅ የተባለው ገና ሳይገረዝ፣ ሙሴም ሳይወለድ ነው። ታዲያ ሕጉ ለምን መጣ? ጳውሎስ በዘመኑ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን አንድ ሰው ያነሣል፤ በግሪክ ባለጸጎች ቤት ልጁን ከመንገድ ዳር ክፉ እየጠበቀ፣ ሲያጠፋም እየገሠጸ፣ እጁን ይዞ ወደ መምህሩ የሚያደርስ ሞግዚት ነበር። ሞግዚቱ የልጁ ጠላት አይደለም። ልጁ አድጎ ወራሽ ሲሆን ግን ሞግዚቱ ሥራውን ፈጽሟል። ልጁን ዕድሜ ልኩን በር ላይ አስቁሞ የሚያስቀር ሞግዚት የታዘዘውን አልሠራም።

ከሐዋርያት በኋላ የመጡት አባቶችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትሪፎ ከሚባል አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ሲጽፍ፣ ከኦሪት ሥርዓቶች ብዙዎቹ ስለ ሕዝቡ ልብ ጥንካሬ የተሰጡ መሆናቸውን ያስረዳል። ቅዱስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። አሥርቱ ቃላት በልቡና ከተጻፈው ጋር አንድ ስለሆኑ አልተሻሩም፤ ጌታም አሰፋቸው እንጂ አላጠበባቸውም፤ አትግደል የሚለውን እስከ ቁጣ፣ አታመንዝር የሚለውን እስከ ዓይን አደረሰው። የመሥዋዕቱና የመንጻቱ ዝርዝር ግን ሕዝቡ ጥጃ ሠርቶ ከሰገደ በኋላ ከጣዖት እንዲመለስ የተሰጠ ነው ይላል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ ምድር የተዘጋጀው ዲድስቅልያ የተባለ የሥርዓት መጽሐፍም ይህንኑ ልዩነት አጥብቆ ያስተምራል።

እነዚህ አባቶች በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት «ይህ ለየትኛው ደዌ ተሰጠ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህን መጠየቅ የተማሩት ከጌታ ነው። ስለ ፍቺ ሲጠይቁት ሙሴ የፈቀደው ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ነው፣ ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም አላቸው። ሕግና ነቢያት በምን ላይ እንደተሰቀሉም ነገራቸው፤ አምላክህን ውደድ፣ ባልንጀራህን ውደድ። አንድ ሥርዓት ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ ማሳየት ካልቻልህ ገና አልተማርኸውም ማለት ነው። ቶሎ ለማስተማር አትነሣ።

3. አዲስ የመጣውን ሰው በሸክም አትቀበለው።

የሐዋርያት ሥራን 15ኛውን ምዕራፍ ደጋግመህ አንብብ። ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች አንጾኪያ መጥተው ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን ካልተገረዛችሁ አትድኑም አሏቸው። ጭቅጭቁ በረታ። እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ሐዋርያትና ቀሳውስት ኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። ጴጥሮስ ተነሥቶ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት በዓይኑ ያየውን ተናገረ። ሰዎቹ አልተገረዙም፤ መንፈስ ቅዱስ ግን ወረደላቸው። አባቶቻችንም እኛም ያልቻልነውን ቀንበር በእነርሱ ጫንቃ ላይ ለምን እንጭናለን አለ። ያዕቆብም ፍርዱን ሰጠ። ከጣዖት መሥዋዕት፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተ፣ ከዝሙት ይራቁ፤ ከዚህ ሌላ ሸክም አይጨመርባቸው ተባለ።

ለምን አራት? ከጣዖት ቤት እንዲለዩና ከአይሁድ ወገን ካመኑት ጋር ባንድ ማዕድ መቀመጥ እንዲችሉ ነው። ክልከላው ማዕድ ለማቀራረብ የወጣ ክልከላ ነበር። እኛም አገር እስከ ዛሬ ደም የማይበላው፣ ሳይታረድ የሞተ ከብት የማይነካው ከዚህ ጉባኤ ጋር ስለምንስማማ ነው።

ጳውሎስ ራሱ ያደረገውን ተመልከት። ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ በአይሁድ መካከል ሲያገለግል እንቅፋት እንዳይሆን። ቲቶን ግን አልገረዘውም፤ ካልተገረዘ አይድንም የሚሉት ስለተነሡበት። ሥራው ሁለት፣ ሐሳቡ አንድ ነው። ጴጥሮስ ደግሞ አንጾኪያ ሳለ ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረውን ሰዎች ሲመጡበት ፈርቶ ከማዕዱ ሲሸሽ፣ ጳውሎስ በአደባባይ ተቃወመው። ታላቁን ሐዋርያ! ነገሩ ማዕዱ ስለተከፈለ ነው። ሥርዓት ማዕድ ሲከፍል ዝም አልተባለም።

አሁን ወደ አንተ ደጅ እንምጣ። ከዐረብ አገር ስንት ዘመን ቆይታ የተመለሰች ልጅ እሑድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ትመጣለች። ነጠላዋን እንዴት እንደምታጣፋው ረስታለች፤ ሌላው ሲሰግድ ዞር ዞር ብላ ታያለች። ከአንድ አገልጋይ አፍ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል ስለ ልብሷ መሆን የለበትም። እንኳን ደህና መጣሽ በላት። የሚቀመጥ ሰው አጠገቧ አድርግላት። ሥርዓቱን ትማረዋለች፤ መማር የምትችለው ግን ከቆየች ነው።

4. የእኛን አገር ክርክር እወቅ፤ ደም ያፈሰሰ ነው።

ስለ ሕግ ዓላማ መከራከር በኢየሩሳሌም አልቆመም። በአገራችን የቅዳሜ ሰንበት ጉዳይ ከመቶ ዓመት በላይ አባቶችን ከፋፍሏል። ቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ብለው አስተማሩ፤ በዚህ ምክንያት ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አረፉ። ተከታዮቻቸው ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት ተለይተው በየበረሃው ገዳም መሥርተው ኖሩ። ዐፄ ዳዊት መጀመሪያ አሰሯቸው፤ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1404 ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ነገሩ የተቋጨው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ክህነትን ከጳጳሳቱ እጅ ለመቀበል እሺ አሉ። ተለያይቶ የነበረው ወገን ባንድ መቅደስ ቆመ።

እኔ በዚህ ጉባኤ የምወደው ይህን ነው። ከሁለት አንዱ አሸናፊ ተብሎ አልወጣም። አንዱ ወገን ሰንበቱን፣ ሌላው ወገን የክህነቱን ሥርዓት አገኘ፤ ሁለቱም ወንድማቸውን አገኙ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጥያቄው ከውጭ መጣ። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሰባክያን ቅዳሜን ማክበራችሁ፣ መገረዛችሁ፣ አሳማ አለመብላታችሁ የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው ከሰሱ። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 መልስ ጻፉ። ይህ ንጉሥ በ1540 ዙፋን ሲይዙ አገሪቱ በጦርነት ተቃጥላ ነበር፤ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝን ድል ያደረጉ ሰው ናቸው። ጦረኛ ናቸው ብለህ አትለፋቸው። የጻፏት የሃይማኖት መግለጫ አጭር ናት፤ ነገር ግን ስለ ሕግ ዓላማ በአገራችን ከተጻፉት ሁሉ እርሷን የሚያህል አላውቅም።

ስለ ቅዳሜ እንዲህ የሚል ሐሳብ አስፍረዋል፦ እኛ የምናከብራት ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት፣ ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱት አይሁድ አይደለም። ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን ቁርባን እናቀርብባታለን፣ የፍቅር ማዕድም እናደርግባታለን። ስለ ግዝረት ደግሞ ይህ የአገር ልማድ ነው ይላሉ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደሚበጡት፣ ሕንዶችም ጆሮን እንደሚበሱት ያለ። ጳውሎስ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም ማለቱን ያውቃሉ፤ ይጠቅሱታልም። ስለ አሳማ ሥጋ የሰጡት መልስ ከሁሉ ያምራል። የማይበላውን ብላ ብለን አናስገድደውም፤ የሚበላውንም አንጠየፈውም አሉ፤ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈውን ምስክር አድርገው።

ይህን መልስ ወደ ዛሬ አምጥተህ አስበው። እኛ ጎንደሬዎች ቅዳሜና እሑድ ሞፈር አንይዝም፤ ደግ ነው። ንጉሡ ግን በቅዳሜ የማይደረገውን ቆጥረው አላበቁም፤ የሚደረገውን ነገሩን። ቁርባንና የፍቅር ማዕድ። በሬው ከቀንበር ተፈትቶ ባለቤቱ ደግሞ ጠላ ቤት ከዋለ፣ ሰንበቱ የበሬው ሆነ እንጂ የሰውየው አልሆነም። የታመመ ጎረቤት ካልተጠየቀበት፣ የተጣላ ካልታረቀበት፣ ለአብነት ተማሪ ቁራሽ ካልተሰጠበት እረፍት ብቻውን የገላውዴዎስን ቅዳሜ አያደርገውም።

ከዚያ የመጣውን መከራም አትርሳ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአዋጅ ሕዝቡ ላይ ጫኑት። ቅዳሜ ተሻረ፣ ግዝረት ተከለከለ፣ ካህናት እንደገና ተካኑ፣ ሕዝቡም እንደገና ተጠመቀ። ሰዉ ጦር አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1632 ከላስታ የመጡት ዐማፅያን ከንጉሡ ጦር ጋር ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ፤ ንጉሡ አሸነፉ፤ ግን በሜዳው ላይ የወደቁት በሺዎች የሚቆጠሩ የራሳቸው ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሥርዓት በጦር ሲጫን የሚያፈራው ይህን ነው። አንተ ጦር የለህም፤ ምላስ አለህ፤ በምላስ የሚጫንም አለ።

5. በጾም ሰው አትግደል።

ቃሉ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ፤ ያየሁትን ነውና አላቀልለውም።

አዲስ ዘመን ከተማ ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ። ጤና ጣቢያ በጠዋት ዋጡት የተባሉትን ክኒን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ከመቅደሱ ግንብ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያልፈው ሁሉ «እንዴት ያሉ ጠንካራ ናቸው» ይላል። አንድም ሰው እማማ ይብሉ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ አላላቸውም። በመጨረሻ የነገሯቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ በጊዜው ስለሰሙ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሕጉ ይህን አላዘዘም። ከሐዋርያት ቀኖናት አንዱ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዐርብን የማይጾመውን ካህን ከሹመቱ ይሽራል፣ ሕዝባዊውን ይለያል፤ ነገር ግን በዚያው ቃል የሰውነት ድካም ያለበትን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ፍትሐ ነገሥትም ጾምን በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጹ ይህን ይዞታል። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አል-ዓሳል የተባለ የግብፅ ክርስቲያን በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በአገራችን ለዘመናት የተፈረደበት ነው። 51 አንቀጾች አሉት፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊው፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊው ነገር ናቸው። ጥብቅ መጽሐፍ ነው፤ ጥብቁ መጽሐፍ ለታመመ ሰው በር ከፍቶ ሳለ እኛ ብንዘጋው ከመጽሐፉ በልጠን አይደለም።

ጌታም ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት እሸት ቀጥፈው ሲበሉ ለከሰሷቸው ዳዊትን ጠቀሰላቸው። ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ኅብስት በልቶ ተከታዮቹንም አበላ። ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም የሚለው ፍርድ የተሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ በተራበ ሰው ጉዳይ።

ጤነኛው ደግሞ ይጹም! ለዚህ ሰበብ አልሰጥህም። ግን ዮሐንስ አፈወርቅ ለጤነኞቹ ያለውን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሰዎች በግብር ተማርረው የንጉሡን ሐውልቶች ሰባበሩ፤ ከተማው በቅጣት ፍርሃት ተዋጠ፤ ወራቱም የጾም ወራት ነበር። አፈወርቅ ለጉባኤው ሲሰብክ፣ ከአሞራውና ከዓሣው እየተከለከልን ወንድሞቻችንን በሐሜት የምንበላ ከሆነ ጾሙ ምን ረባን የሚል ተግሣጽ ሰጠ። እጅም ይጹም፣ ዓይንም ይጹም፣ ምላስም ይጹም ነው ትምህርቱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጾሞ ማታ ጎረቤቱን የሚያማ ሰው እንደምታውቅ አውቃለሁ። እኔም አውቃለሁ። ስለ ሽሮው ዘይት ከምትመረምረው ይልቅ ስለዚህ ንገረው።

6. በሥርዓት ሴት ልጅ አታሸማቅቅ።

ይህን ነገር ወንዶች በአደባባይ አናነሣውም፤ በሹክሹክታ ግን እናቆስልበታለን። በወር አበባ ጊዜ ስለ መቅደስ፣ ስለ ወላድ 40 እና 80 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አላት፤ ከኦሪት ዘሌዋውያንና አዳም ከ40፣ ሔዋን ከ80 ቀን በኋላ ገነት መግባታቸውን ከሚናገረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንቱ ዘመንም አባቶች በዚህ ላይ አንድ አልነበሩም። የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴቲቱ በዚያ ጊዜ ወደ ቅዱሱ ምሥጢር ባትቀርብ ይሻላል አሉ፤ ትጸልይ ግን አሉ። በዚያው ዘመን የተዘጋጀው የሶርያው ዲድስቅልያ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በእነዚያ ቀናት ከአንቺ ይለያልን ብሎ ጠይቆ፣ ከጸሎትም ከቁርባንም አትራቂ ይላል።

የእኛን ሥርዓት ለመለወጥ አንተም እኔም ሥልጣን የለንም፤ ሥልጣን ያላቸው አባቶች አሉ። አንድ ነገር ግን በእጅህ ነው። ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ ርኩስ እንደሆነች የሚያስመስል ቃል ከአንተ ጉባኤ እንዳይሰማ። 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የጌታን ልብስ ዳሰሰች፤ ጌታም ልጄ ብሎ ጠራት።

7. ክልከላ ፍሬው ሲታይ ምን እንደሚመስል ጫካውን ሄደህ እይ።

ከአዲስ ዘመን ወጣ ብለህ ወደ ጣራ ገዳም ስትወጣ ተራራው ከእርሻው መካከል ጥቁር ሆኖ ይታይሃል። ወይራው፣ ብሳናው፣ ሰሳው፣ አጋሙ። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ተመንጥሮ ለማገዶና ለእርሻ ሲያልቅ ይህ የቆመው የቤተ ክርስቲያን ነው ስለተባለ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ደን የአገራችንም የውጭም ምሁራን የሚመጡበት ሆኗል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ በኋላ በ«እመጓ» ልብ ወለዱ የምታውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት በዚሁ ዞን የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምሮ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግቧል። ከሌላው ቦታ የጠፋው ዘር እዚያ አለ።

«አትቁረጥ» የሚል አንድ ቃል ይህን አቆየ። መናኙ ይጠለልበታል፣ የአብነት ተማሪው ጎጆውን ይቀልስበታል፣ ወፉ ይሰፍርበታል፣ አፈሩም አይሸረሸርም። ስለዚህ ሕግ ነጻነትን ይነፍጋል ብቻ የሚልህን ሰው እዚያ ውሰደው።

ሆኖም ክልከላ ምክንያቱ ሲረሳ እንደሚዳከም ልብ በል። አባቶች ዛፉን ያስከበሩት ፍጥረት የእግዚአብሔር ነው ብለው ነው። ልጆቻቸው ይህን ትተው ግዝቱን መፍራት ብቻ ከያዙ፣ ፍርሃቱ የቀነሰ ዕለት ምሣሩ ይገባል፤ በወይራው ቦታም ባሕር ዛፍ ይተከላል። ይህ በብዙ ደብር ዙሪያ ዛሬ እየሆነ ያለ ነው። ግዝትን ደግሞ በየትንሹ ነገር አትጥራ። ሁሉ ነገር ግዝት ከሆነ ምንም ነገር ግዝት አይሆንም።

8. ስእለትህ ከእናትህ ቀለብ አይበልጥም።

ጌታ ፈሪሳውያንን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ለወላጅ ሊሰጥ የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር ቁርባን ነው እያሉ ማስቀረታቸው ነው። ለደብሩ ጃንጥላ ለማምጣት ብሎ የአረጋዊት እናቱን ቀለብ የሚያጓድል ሰው ካየህ፣ ስጦታውን ሳትቀበል ወደ ቤቱ መልሰው። ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትን፣ ታማኝነትን የተዉትም በዚያው ዘመን የነበሩ ናቸው፤ በየዘመኑም ይኖራሉ። ዐሥራቱን አውጣ፤ ምሕረቱን ግን አትርሳ።

9. ደንብ ስታረቅቅ ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል ጀምር።

ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የውስጥ ደንብ እንድታዘጋጁ መታዘዛችሁን ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ደንብ የሚጀምረው በመቅረት ቅጣት፣ በልብስና በመዋጮ ነው። አንተ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ጀምር። ለተራበ ማብላት፣ ለተጠማ ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘውን ማልበስ፣ የታመመውን መጠየቅ፣ የታሰረውን መጎብኘት። የመጨረሻው ፍርድ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ በየወሩ ስንት በሽተኛ እንደምትጠይቁ፣ ለስንት የአብነት ተማሪ ምግብና ልብስ እንደምታደርሱ ይናገር። የመቅረት ቅጣቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከዚያ በእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር ለምን እንደወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማንን እንደሚጠብቅ፣ ማንን እንደሚያቀራርብ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁን አንቀጽ በራሳችሁ ሥልጣን አትሰርዙት፤ በሰውም ላይ አትጫኑት። ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ሂዱና ጠይቁ። ረቂቁ ሲያልቅ ለአባላቱ ከማንበባችሁ በፊት ለእኔም አንድ ቅጂ ላክልኝ፤ ዓይኔ ቢደክምም አነበዋለሁ።